ያልተጣሉ ሰዎች ሽምግልና

አባቴና ባለቤቴ ተጣልተው አያውቁም። ይኼን የምናገረው ልኮራበት ብዬ አይደለም፤ አቤቱታ ነው። የሰው ባልና የሰው አባት በአጥር፣ በፖለቲካ፣ በኳስ ሲነታረኩ እሰማና እቀናለሁ። የእኔዎቹ በር ላይ ከተገናኙ ማን ቀድሞ ይግባ በሚለው ብቻ ያቆሙኛል። «ይቅደሙ እንጂ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ»፣ «እንዴት ተደርጎ!» ሲባባሉ የደብረ ብርሃን ብርድ ሁለቱንም ቀድሞ ቤት ይገባል።

አባቴ፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የስልክ መስመር ቴክኒሻን ነበር። ከደብረ ሲና እስከ እነዋሪ ያልወጣበት የስልክ እንጨት የለም። ዛሬም ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ሬዲዮ ከሌለ እንቅልፍ አይወስደውም። ባለቤቴ ደጀኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሶፍትዌር ያስተምራል። ከሐዋሳ ተመድቦ መጥቶ እኔን አገባ፤ ብርዱን ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም፤ ምሳ የሚበላው ጃኬት ደርቦ ነው። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ አባቴ ፊት ለፊት ባለው ቤት፣ እኛ ከኋላ። አባቴ በልጁ ዕድሜ ያለውን አማቹን «አንቱ» ይለዋል። ደጀኔም አንዴ አንቱ ከተባለ ወዲህ ከአባቴ ፊት እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አያውቅም።

እኔ እየሩሳሌም እባላለሁ፤ ጫጩት አስፈልፍዬ እኖራለሁ ብዬ የፋብሪካ ሥራዬን የለቀቅሁ ሰው ነኝ። መፈልፈያ ሳጥኑን ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ ቤት ውስጥ ሁለት ባለሙያ አለልኝ አልኩ። ሞኝነቴን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሳጥኑ እንዲህ ነው። አምፖሎች ያሞቃሉ፤ አንዲት መለኪያ ሙቀቱን ትለካለች፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል ኮምፒውተር ይብራ ወይስ ይጥፋ ብላ ትወስናለች፤ ማብሪያዋ የተባለችውን ትፈጽማለች። ማብሪያውን፣ መለኪያውንና ሽቦውን ገዝቶ የገጠመው አባቴ ነው። ውሳኔውን የጻፈው ደጀኔ ነው። ስለ ሥራው ሁለቱ የተነጋገሩት አንድ ቀን ምሳ ላይ ብቻ ሲሆን፣ እሱም «እርስዎ እንዳሉ ይሁን»፣ «የለም፣ እንደ እርስዎ» ተባብለው ያለቀ ነበር። ምን እንደተወሰነ እኔም አልሰማሁም፣ እነሱም አልተናገሩም።

መሰረት እንቁላሉን ያመጣችው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ነው። መሰረት ከወለጋ ተፈናቅላ፣ ከልጆቿ ጋር ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ የምትኖር፣ ገበያ ውስጥ ቆሎ የምትሸጥ ወዳጄ ናት። አገሯ ሳለች ግቢዋን የሞሉ አንገተ መላጣ ዶሮዎች ነበሯት፤ ሲሸሹ ትተዋቸው ሄዱ። እዚህ ገበያ ውስጥ ከአንኮበር የመጡ ሴቶች እነዚያን የመሰሉ ዶሮዎች ይዘው ስታይ ቆሎዋን ጥላ ሄዳ አቀፈቻቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእነዚያ ሴቶች እንቁላል ጥቂት ጥቂት እየገዛች አጠራቅማ፣ በጭድ ሸፋፍና፣ ቅርጫት ሙሉ ይዛልኝ መጣች። ማሞቁ የእኔ፣ ጫጩቱ የእሷ እንዲሆን ተስማማን። መሣሪያዬ እንደሚሠራ የሚመሰክርልኝ የመጀመሪያ ሰው ትሆናለች፤ እሷም እንደገና የዶሮ ባለቤት ትሆናለች።

«አደራሽን፣ እየሩስ» አለችኝ። «ሌላ የማጠራቅምበት አቅም የለኝም።»

እንቁላል ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ከሳምንት በላይ ካቆዩት ውስጡ ያለው ነፍስ እየደከመ ይሄዳል፤ በኋላ ቢያሞቁትም አይሰማም። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ሳጥኑ ውስጥ መግባት ነበረበት።

እሑድ ምሽት ላይ ሳጥኑ ተሰካ። ዕቃ ቤቱ እንደ ልማዱ በረዶ ነው፤ አምፖሎቹ ድርግም ብለው ቀሩ። ደጀኔ መለኪያዋን በመዳፉ ጨብጦ ሲያሞቃት ቦግ አሉ። ሲበርድ የሚጠፋ፣ ሲሞቅ የሚበራ ማሞቂያ ሠሩልኝ።

«ግሩም ነው» አለ አባቴ።

«ግሩም ነው» አለ ደጀኔ።

«ምኑ?» አልኩ እኔ። ሁለቱም አልሰሙኝም፤ አንዱ ሌላውን ላለማሳፈር ወደ ጣሪያው እያዩ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደጀኔ ትንሿን ኮምፒውተር ነቅሎ በጃኬቱ ኪስ ከቶ ወደ ቢሮው ሄደ። ማታ መልሶ ሲሰካት ሳጥኑ ያው ነው፤ ሲበርድ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይበራል። «እየመጣ ነው» አለ አባቴ። «በጣም እየመጣ ነው» አለ ደጀኔ። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። እኔ እንቁላሎቹን እንዳይበርዳቸውም እንዳይሞቃቸውም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያዛወርኩ፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆኜ ሰነበትኩ።

ረቡዕ ጠዋት ደጀኔ ከወጣ በኋላ ዕቃ ቤት ስገባ አባቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ሳጥኑ ውስጥ አንገቱን ከቶ፣ አንዲት ሽቦ ከአንዱ ብሎን ፈትቶ ሌላው ላይ ሲያስር አገኘሁት።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም፤ አቧራ እየጠረግሁ ነው።»

«በካቻቢቴ?»

መያዙን ሲያውቅ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደጀኔ የጻፉት ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ግን ምን ይባላል? የተማሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ላይ አማቼ ናቸው። ሽቦውን ባዞረው ነገሩ ይቃናል፤ እሳቸውም አያፍሩም። በየቀኑ ነው የማዞረው፤ ለምን እንደማይቃና ብቻ አልገባኝም። ልብ አድርጊ፣ ከነገርሻቸው አባት የለሽም!»

እሺ አልኩ። ማታ ደግሞ ደጀኔን ጓዳ አስገብቼ ያዝኩት። አላንገራገረም።

«የአባባ ማብሪያ የተገላቢጦሽ ናት» አለኝ በሹክሹክታ። «ብሪ ስትባል ትጠፋለች። እኔ ግን እሳቸውን ተሳስተዋል የምልበት አፍ የለኝም። ኮዱ ውስጥ ገልብጬ እጽፈዋለሁ፤ ማታ ሲታይ ግን ያው ነው። በነጋታው ምናልባት መጀመሪያ ትክክል ነበርኩ ብዬ እመልሰዋለሁ። በእናትሽ ሞት፣ እንዳትነግሪያቸው!»

ለእሱም እሺ አልኩ። ከዚያ ሄጄ የእንቁላሉ ቅርጫት አጠገብ ተቀመጥኩ፤ በንዴት መሳቅ ጀመርኩ። አንዱ ቀን ቀን ሽቦውን እያዞረ፣ ሌላው ቢሮው ሆኖ ኮዱን እያዞረ፣ ማታ ሁለቱ ጨዋነቶች ሳጥኑ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ስህተቱ እንደነበረ ቁጭ ይላል። አንዳቸው እንኳ ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ ሰኞ ዕለት ተቃንቶ ነበር።

ብልጥ ነኝ ብዬ ሐሙስ ጠዋት አባቴን «ዛሬ እረፍ፣ ሳጥኑን አትንካው» አልኩት። ታዘዘ። ለካ ደጀኔም በዚያው ዕለት «ምናልባት ነገሩን እያበላሸሁ ያለሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሳይነካው ኖሯል። ማታ ተሰካ። ሲበርድ ጠፋ፣ ሲሞቅ በራ። «ግሩም ነው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

በነጋታው አባባ ወልደአረጋይ ቤት ሄድኩ። አባባ ወልደአረጋይ የአንኮበር ሰው ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ለመኖር ወደ ከተማ ከመጡ ወዲህ የሰፈሩ እርቅ በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው። ደጀኔ ሊያገባኝ ሲል የላከው ሽማግሌም እሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ በቤቴ ጉዳይ ጣጣው ሳያገኛቸው አይቀርም።

«ሽምግልና እፈልጋለሁ፣ አባባ» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ከማን ተጣላ?»

«ማንም አልተጣላም።»

«እና?»

«ችግሩ እሱ ነው። አባቴንና ደጀኔን መጀመሪያ ያጣሉልኝ፤ ከዚያ ያስታርቁልኛል።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ስለ ሳጥኑ ምኑም አልገባቸውም፤ ስለ ይሉኝታው ግን ሁሉም ገባቸው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ስንቱን የተፈነካከተ አስታርቄያለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሰው አጣላ ተብዬ ግን ተልኬ አላውቅም። እስቲ እንሞክረው። ለነገ ካልደረሰ እንቁላሉ አለቀለት ነው የምትዪኝ?»

«አለቀለት።»

«በይ እንግዲያው ቆሎ አዘጋጂ።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እኛ ቤት መጥተው ሁለቱን እንደ ወጉ ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው። ከሳሽ ማነው ብለው ጠየቁ፤ ከሳሽ የለም። ተከሳሽ ማነው አሉ፤ ሁለቱም እኩል እጃቸውን አወጡ።

«ተስፋሚካኤል፣ በዚህ ልጅ ላይ ያለህን ቅሬታ ተናገር።»

«እኔ በእሳቸው ላይ ምንም የለኝም» አለ አባቴ። «ምስጋና ብቻ ነው ያለኝ።»

«ደጀኔ፣ አንተስ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደ አባባ ያለ አማት ከየት ይገኛል?»

አባባ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን አንሥተው ብድግ አሉ። «መልካም። ይኼን ሁሉ መንገድ አምጥታችሁኝ ከዋሻችሁኝ፣ ቅር ብሎኝ ልሂድ።»

ሁለቱም ክው አሉ። ሽማግሌ ቅር ብሎት ከቤታቸው ሊወጣ ነው። አባቴ ለአማቹ ያለው ይሉኝታ ትልቅ ነው፤ ለሽማግሌ ያለው ግን ከዚያም ይብሳል። ከዘራውን ያዘና፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ።

«ኮዱ የተገላቢጦሽ ነው። በየቀኑ ሽቦውን እያዞርኩ ነው።»

ደጀኔ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሽቦውን? እኔ እኮ በየቀኑ ኮዱን እያዞርኩ ነው!»

አባባ ወልደአረጋይ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አዩና «እና በዳዩ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ጀመራቸው ደግሞ!» አሉና ከዘራቸውን እንደገና አነሡ።

«እውነቱን ለመናገር» አለ ደጀኔ ተጣድፎ፣ «ማብሪያዋ ናት ከመነሻው የተገለበጠችው። አባባ፣ ብሪ ስትባል የምትጠፋ ማብሪያ መሆኗን አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅኸኝማ!» አለ አባቴ። አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ። «ማንኛዋን እንደገዛሁ ሳታይ ነው የጻፍከው! ደግሞ ለምንድን ነው በየሴኮንዱ እያበራህ የምታጠፋት? እሷ እኮ ውስጧ ብረት አለ፤ እንዲህ ካንቀጠቀጥካት በወር ተበልታ ታልቃለች!»

«እንደምትበላ በምን ልወቅ? መለኪያዋንስ ቢሆን አምፖሉ ሥር ማን ስቀላት አለዎት? ሁልጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት በላይ ነው የምታነበው። ለእርስዎ ክብር ስል ኮዱ ውስጥ ሦስት ዲግሪ እየቀነስኩላት ነው!»

«ትቀንሳለህ? እኔ እኮ መብዛቱን አይቼ ማክሰኞ ዕለት ወደ ጥግ ወስጄያታለሁ!»

«ወስደዋታል? እና አሁን በከንቱ ነው የምቀንሰው?»

«እንቁላሉን ልትቀቅለው ነበር!»

እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አንዱ ሌላውን ላለማስቀየም የደበቀው ስንት ነገር በዚያች ሳጥን ውስጥ እንደነበረ ያን ምሽት ነው ያወቅሁት። አባባ ወልደአረጋይ ተመልሰው ተቀምጠው ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ ነው። ደስታቸው ልክ የለውም።

በመጨረሻ አባቴ ጠረጴዛውን መታና ወጥቶ ሄደ። የፊት ለፊቱ ቤት በር ሲዘጋ ተሰማ። ደጀኔ ፊቱ አመድ መሰለ። እንቁላል አድናለሁ ብዬ ቤቴን በገዛ እጄ አፈረስኩት አልኩ። እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

አባቴ ተመልሶ መጣ። መነጽሩንና ካቻቢቴውን ሊያመጣ ነበር የሄደው።

«አሳየኝ» አለው ደጀኔን፣ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ እየሳበ። «ከላይ ጀምረህ አንድ በአንድ አሳየኝ። እኔ ስለ ሽቦው እነግርሃለሁ፤ አንተ ሳልነግርህ አንዲት መስመር እንዳትጽፍ።»

«እርስዎም ሳይነግሩኝ አንዲት ብሎን እንዳይነኩ።»

አባባ ወልደአረጋይ በሩ ላይ ስሸኛቸው «ማስታረቁስ?» አሉኝ።

«ይቆይ፣ አባባ» አልኳቸው። «እስኪፈለፈል ድረስ እንዲህ ይቆዩልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሲበርድ በራ፣ ሲሞቅ ጠፋ። መለኪያዋ ከአምፖሉ ርቃ እንቁላሉ አጠገብ ተሰቀለች፤ ኮዱ ውስጥ ማብሪያዋን የሚያሳርፍ ትዕግሥት ተጻፈ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ደረደርኩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግቢያችን የንትርክ ግቢ ሆነ። አየሩን የሚያዟዙረው ማራገቢያ ይፍጠን አይፍጠን በሚለው ብቻ ቁርሳችን ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ቀን ያ ሁሉ ጨዋነት የት ገባ ብዬ ሳይናፍቀኝ አልቀረም፤ ከልቤ ግን አይደለም።

አንድ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ጭውጭውታ ተሰማ። ሁሉም አልተፈለፈሉም፤ ከግማሽ የበለጡት ግን ቅርፊታቸውን ሰብረው፣ አንገታቸው ራቁቱን፣ ረጥበው ተነሡ። አባቴ ደጀኔን ትከሻውን አቀፈው። «ማራገቢያው መዘግየት ነበረበት» አለው ያኔም። ደጀኔ አይስማኝና፣ ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያን ዕለት ደስ ብሎኛል።

መሰረት መጥታ አየቻቸው። አንዱን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ መረቀችን፣ እጃችንን ሳመች። ካርቶን ውስጥ ጥጥ ደልድለን አዘጋጅተንላት ነበር። «ትንሽ ይጠንክሩ» አለችና ሳትወስዳቸው ሄደች። በነጋታው መጣች፤ አየቻቸው፤ «ነገ እወስዳቸዋለሁ፤ በጣም ያምራሉ» አለች። በሦስተኛውም «ዛሬ ነፋስ ነው፣ ነገ» ስትለኝ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ አቃጨለ። «ግሩም ነው» የሚሉት ሰዎች ድምፅ ነበር።

«መሰረት» አልኳት፣ «አማትሽ አይደለሁም። እውነቱን ንገሪኝ።»

አባቴና ደጀኔ ጠረጴዛው ላይ ሳጥኑን ፈትተው ይነታረኩ ነበር። ሁለቱም ቀና ብለው አዩን።

የያዘችውን ጫጩት ወደ ካርቶኑ መለሰችው። «የት ላድርጋቸው?» አለች። «እኛ የምናድረው ሸራ ውስጥ ነው። ብርዱ በሥሩ እየገባ ልጆቼን እንኳ ይጎዳቸዋል። ዶሮ የማሳድርበት አንዲት ክንድ ቦታ የለኝም። እንቁላሉን ሳጠራቅምም አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ደስ ብሏችሁ ነበር። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ? ቀኑን ጠየቃችሁኝ፤ ዝርያውን ጠየቃችሁኝ። ከተፈለፈሉ በኋላ የት ያድራሉ ያለኝ ሰው የለም። እኔ እንደሆነ ዶሮዎቼን አንዴ ማየት አምሮኝ ነው።»

አፈርኩ። ሁለት ሰው ስላልተነጋገረ ሽማግሌ ጠርቼ የፎከርኩ ሴት፣ ሦስተኛዋን ሳልጠይቃት ወር ሊሞላኝ ነው። ደጀኔ መሬት መሬት አየ። አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ቦታ አለ» አለ በመጨረሻ።

«እዚያ ጠዋት ፀሐይ አይደርስም» አለ ደጀኔ።

«ይደርሳል እንጂ! በሩን ወደ አጥሩ ካደረግነው…»

«ወደ አጥሩ ከሆነማ ነፋሱን በቀጥታ ሊቀበል ነው። አምፖል እናስገባለት፣ መለኪያዋን ደግሞ…»

«አምፖሉን ማን ይስቀለው፣ አንተ?»

«እኔ ሳልኖር አትሥሩት» አለች መሰረት።

ሁለቱም ዞር አሉ። አባቴ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። እሷም «ኧረ አይነሡ» ሳትል ተቀመጠች።